ኦቦ ቱፋና የበድሉ ሻንጣ

ኦቦ ቱፋ ከአዲስ ሰው ጋር ሲተዋወቁ ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት የሚያስቀድሙት ጥያቄ ነበራቸው። «የደንዲ ሐይቅ ታቹ ምንድን ነው?» ይላሉ። ቄስ ሲያገኙ ይጠይቃሉ፤ መንገድ ሊለካ የመጣ መሐንዲስ ሲያገኙ ይጠይቃሉ፤ ከጌዶ ከብት ነድቶ የመጣ ነጋዴም ሳይጠየቅ አያልፍም።

እኔን የጠየቁኝ ጊንጪ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ጊዜው 1961 ዓ.ም. ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ጭቃ ነው» አልኳቸው።

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ግን የሐይቅ ታች ጭቃ ነው።»

«እንግዲያው አታውቂውም» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ደሜ ፈላ። ቤት እንደገባሁ ለአከራዬ ለእትዬ እንቁ የተባባልነውን ነግሬ «ያ ሰውዬ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ እንቁ ሳቁብኝ። «ኦቦ ቱፋ ነዋ! ጭነት አሳሪው። ‘ጭቃ ነው’ አልሽው እንዴ? በይ እንግዲህ አይረሳሽም» አሉኝ።

አልረሱኝም። በገበያ ባለፍኩ ቁጥር «መምህርት፣ አየሽው ወይ?» ይሉኛል። እኔም ከመናደዴ ብዛት ሥራቸውን ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ አንድ ቀን ሲሳሳቱ ለመያዝ ነበር ሐሳቤ። ግን አልሳሳት አሉኝ። ከጊንጪ ገበያ ወደ ገጠር የሚወጣ ዕቃ፣ ጨውም ሆነ ላምባ፣ ቆርቆሮም ሆነ ጠርሙስ፣ እሳቸው ካላሰሩት ባለቤቱ ልቡ አያርፍም። መጀመሪያ አንድ የከብት ቆዳ መሬት ላይ ዘርግተው ዕቃውን ሁሉ ይደረድሩበታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ በእጃቸው ያነሡታል። የእህል ነጋዴው ሚዛን የሚናገረውን የእሳቸው እጅ ቀድሞ ይናገራል። በመጨረሻ ለሁለት ይከፍሉትና የበቅሎዋ ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ድረስ ያስተካክላሉ። ለአንድ ሠርግ ሰማንያ ብርጭቆ በበቅሎ ጭነው አንድም ሳይሰነጠቅ አድርሰዋል ይባላል። እኔ ብርጭቆዎቹን አልቆጠርኩም፤ ግን አምናለሁ።

የሐይቁ ነገር ከልጅነታቸው የመጣ ነው። የተወለዱት ከደንዲ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። «ታች የለውም» ሲባል አድገው፣ ጎረምሳ ሳሉ አምስት መጫኛ ቀጣጥለው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው፣ በታንኳ ገብተው ቢለቁት ገመዱ አለቀ እንጂ ድንጋዩ አልደረሰም። ዋና አይችሉም። አንድ ጊዜ ዳር ላይ ተንበርክከው ፊታቸውን ነክረው ዓይናቸውን ቢገልጡ የታያቸው ጉም ብቻ ነበር። ያ ጉም ነው እስከ አምሳ ዓመታቸው ሰው ሲያስጠይቃቸው የኖረው። ከዚህ ሌላ ለራሳቸው ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

በሚያዝያ ወር የእትዬ እንቁ ልጅ በድሉ መጣ። በድሉ ምጽዋ ውስጥ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ለሥራ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አንድ ግድብ ተልኮ፣ ሥራው ሲያልቅ እናቱን እንዲያይ አራት ቀን ተፈቀደለት። የአየር ሲሊንደሩንና ለመስመጥ የሚታጠቁትን የእርሳስ ቀበቶ ጓደኞቹ በመኪና ይዘው ሄደዋል። ተሰባሪው ዕቃ ግን ከእሱ ጋር ቀርቷል፤ ማክሰኞ በአውሮፕላን ወደ አስመራ ሲሄድ ከእጁ ሳይለየው እንዲያደርስ ታዟል።

ቡና ሳይቀርብለት ጭንቀቱን ነገረን። ሲመጡ ሻንጣውን ያሰናዳው ራሱ ነበር፤ ሲጠልቁ ፊት ላይ የሚያደርጉትን መስተዋት ከታች አድርጎ የእርሳሱን ቀበቶ ከላይ ጫነበት። ምጽዋ ላይ ደህና የነበረው መስተዋት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። አለቃው ሌላ ሰጡትና «ይህ የመጨረሻው ነው። ይህን ከሰበርክ መጥለቅ ቀርቶ የመርከብ ወለል ትወለውላለህ» አሉት።

«እማዬ፣ እኔ ከውሃ ውጪ ሌላ ሥራ አልችልም» አለ በድሉ። ይህን ሲል ቀልድ አልነበረም።

«በእጅህ ይዘኸው ግባ እንጂ ታዲያ!» አልኩት እኔ፤ ሁልጊዜ መልስ አላጣም።

«በእጅ የሚያስገቡት ከአሥር ኪሎ የማይበልጠውን፣ ከመቀመጫ ሥር የሚገባውን ብቻ ነው። ከበለጠ ይነጥቁህና ከታች ከሌላው ጭነት ጋር ይወረውሩታል። ይኸው፣ ዕቃው በእጅ በሚያዘው ሻንጣ አልገባ ብሏል።»

እትዬ እንቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሲመለሱ ኦቦ ቱፋን አስከትለው ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ በድሉ» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ «እንዴት አደርክ» ማለታቸው ነው። ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁ አውቄዋለሁ። ግን አልጠየቁም። ዓይናቸው መሬት ላይ የተበተነው ዕቃ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ቆዳቸውን ዘረጉና ይደረድሩት ጀመር። የጎማ ልብስ፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጉ ሁለት የጎማ ጫማዎች፣ ሁለት ቱቦ ያለው ከብረት የተሠራ መተንፈሻ፣ እንደ ሰዓት ያለ የጥልቀት መለኪያ፣ መስተዋቱ። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነሡት። ስለ እያንዳንዱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበራቸው።

«ይቺ ሌላውን ትሸከማለች ወይስ ትታዘላለች?»

«ጫማዎቹ ይሸከማሉ» አለ በድሉ። «ቱቦው መታጠፍ አይወድም። መለኪያው መመታት አይወድም። መስተዋቱ ምንም አይወድም።»

«ይህ መስተዋት ሥራው ምንድን ነው?»

«ለማየት ነዋ፣ ኦቦ ቱፋ። ዓይንና ውሃ ሲነካኩ ሁሉም ነገር ጉም ይሆናል። መስተዋቱ በመካከላቸው ትንሽ አየር ያስቀምጣል። በዚያ አየር ውስጥ ሆነው ሲያዩ እንደ ቀትር ጥርት ይልልዎታል።»

ኦቦ ቱፋ መስተዋቱን ወደ ብርሃን አነሡት። «አየር ብቻ? የጎደለኝ አየር ብቻ ነበር?» አሉ። እኔ የሳይንስ አስተማሪዋ ይህን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። በድሉን ዱካ ላይ አስቀምጠው የአውሮፕላኑ መቀመጫ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል እሱ እያሳያቸው በክንዳቸው ለኩ። ሁለቱን የጎማ ጫማዎች ለሻንጣው ግራና ቀኝ ግድግዳ አደረጓቸው። የጎማውን ልብስ ሳያጥፉ እንደ ኮርቻ ግላስ ከታች አነጠፉትና ጫፎቹን ወደ ላይ መለሱ። የመተንፈሻውን ቱቦ ልክ መጫኛ እንደሚጠቀልሉት በሰፊው ጠቅልለው በአንድ በኩል አስቀመጡ። መስተዋቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንቁ፣ ያቺ ትንሿ አገልግልሽ አለች?»

ነበረች። እትዬ እንቁ እርሻ ላይ ምሳ የሚያደርሱባት፣ ቆዳ የለበሰች፣ ክዳን ያላት አገልግል ናት። መስተዋቱን ከነመለኪያው በበድሉ ካልሲዎች ጠቅልለው አገልግሏ ውስጥ ከተቱት። ክዳኗን አሰሩ። ከመተንፈሻው ትይዩ አስቀመጧት። ሻንጣው ተዘጋ፤ ዱካው ሥርም ገባ። እትዬ እንቁ እልል አሉ።

«ገና ነው» አሉ ኦቦ ቱፋ። «በበቅሎ ካልተሞከረ ጭነት አልለውም። ዳገትና ቁልቁለት ማየት አለበት።»

በድሉ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «እንግዲያው ለምን ደንዲ ሐይቅ ድረስ አንሞክረውም? እዚያ ስንደርስ ሻንጣውን ፈትቼ መስተዋቱን ላጥልቅልዎት። ታቹን በዓይንዎ ያያሉ» አላቸው።

የኦቦ ቱፋ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ቅዳሜ ጧት አራታችን ተነሣን። እትዬ እንቁ እዚያ ዘመድ ስላላቸው ማደሪያ አላጣንም። የኦቦ ቱፋ ዳማ በቅሎ መጀመሪያ የጎማው ሽታ አስደንግጧት አስቸገረች፤ ኋላ ለመደችው። በአንድ ጎኗ ሻንጣው፣ በሌላው ጎኗ ለዘመዶቹ የሚሄድ ስንዴ ተጭኗል። ኦቦ ቱፋ መንገዱን ሁሉ በድሉን ሲጠይቁት ዋሉ። ሰው እታች ሲተነፍስ አየሩ የት ይሄዳል? ዓሣ ሰው ሲያይ ይሸሻል ወይስ ቆሞ ያያል? ለመስመጥ እርሳስ የሚታጠቀው የሰው ገላ አልሰምጥ ስለሚል ነው? ታዲያ እርሳስ ያልታጠቀ ሰው ለምን ይሰምጣል?

ወደ ማታ ግድም ሐይቁ ዳር ደረስን። ነፋስ የለም፤ ውሃው ረግቷል። በድሉ ሻንጣውን አውርዶ ማሰሪያውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ኦቦ ቱፋ እጁን ያዙት።

«ተው፤ አትፍታው።»

«እንዴ! ለምን መጣን ታዲያ?»

«የወጣነው ዳገት ነው። ዕቃ የሚሰበረው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። እዚህ ከፈታሁት ነገ ስወርድ ሌላ ጭነት ነው ይዤ የምወርደው፤ አስሬ የሞከርኩት አይደለም። አንተ ከነገ ወዲያ መንገደኛ ነህ። እኔ ይሄን ማሰሪያ ሳልሞክር ልሰድህ አልችልም።»

«ኦቦ ቱፋ፣ እኔ ፈቅጄ!»

«ማሎ በድሉ» አሉት፤ እባክህ ማለታቸው ነው። «እንጀራህ ነው ውስጡ ያለው።»

እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። «ዕድሜ ልክዎን የጠየቁት ነገር እኮ እዚህ ሻንጣ ውስጥ ነው! አሁን ካላዩ መቼ ሊያዩ ነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በታላቅ ሰው ላይ እንደማይጮኽ አውቃለሁ፤ ንዴቱ ለእሳቸው ብዬ ነበር።

ኦቦ ቱፋ ውሃው ዳር ሄደው ተቀመጡ። ከዳር አንዲት ጥቁር ክብ ድንጋይ አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው መዘኗት፤ ከዚያም ኪሳቸው ከተቷት። ለመታሰቢያ የወሰዷት መሰለኝ።

እሑድ ወርደን ጊንጪ ስንገባ ሻንጣው ተፈታ። መስተዋቱ ጭረት እንኳ አልነካውም። በድሉ ደስታውን መደበቅ አቅቶት እናቱን አቅፎ አሽከረከራቸው። ለኦቦ ቱፋም ሳፋ ሙሉ ውሃ አቅርቦ «በዚህ እንኳ ይሞክሩት» አላቸው።

«የሳፋ ታች ምን እንዳለ አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ቱፋ። ሻንጣውን ብቻቸውን መልሰው አሰሩት። ሰኞ ጧት በድሉ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ተሳፈረ።

ደብዳቤው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እትዬ እንቁም ኦቦ ቱፋም ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። ሰላምታው አንድ ገጽ ያህል ነበር። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣዬን ሚዛን ላይ ሳወጣው አሥራ አንድ ተኩል ኪሎ አለ። እናቴ ቤት ሳለን ኦቦ ቱፋ በእጃቸው አንሥተው አሥር አይሞላም ብለውኝ ነበር። ሚዛን ተቆጣጣሪው ‘በልጧል፣ ከታች ይጫናል’ ብሎ ሻንጣዬን ሲጎትት በላብ ተጠመቅኩ። ለምኜ አስከፈትኩት። ከአገልግሏ አጠገብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ድንጋይ አገኘሁ።»

ማንበቤን አቋረጥኩ። ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ይዘዋል።

«ድንጋይ?» አሉ እትዬ እንቁ። «ልጄን ድንጋይ አሸከምከው?»

«መስተዋቱ ያለበት ጎን ቀለለ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የመተንፈሻው ብረት ወደ ራሱ ያጋድለዋል። ደንዲ ስንወጣ አየሁት። ያጋደለ ጭነት ይገለበጣል። ሁልጊዜ የቀለለው ጎን ላይ ድንጋይ እንጨምራለን፤ ጭነቱ ሲደርስ የተቀበለው ሰው ፈትቶ ይጥላታል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። በአየር የሚሄድ ጭነት ደግሞ በቅሎ የለውም። አላሰብኩትም፤ በፍጹም አላሰብኩትም!»

የእሳቸውን ስሕተት ለመያዝ ስንት ወር ቆሜ የጠበቅኩ ሰው፣ ሲሳሳቱ ሳይ ደስ አላለኝም። ቶሎ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ድንጋይዋን ሳወጣ ሻንጣው ከአሥር ኪሎ በታች ሆነ። ተቆጣጣሪው ‘ወንድሜ፣ ድንጋይ ምን ያደርግልሃል?’ ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጥላት አስቤ ግን አልሆነልኝም፤ ካፖርቴ ኪስ ከተትኳት፤ የሰው ኪስ አይመዝኑም። ኋላ ተራሮቹ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑ ይንጠን ጀመር። ከመቀመጫዬ ሥር ያለው ሻንጣ በብረቱ በኩል እያጋደለ ተገለበጠብኝ። መልሼ ባቆመው መልሶ ወደቀ። ያን ጊዜ ድንጋይዋን አውጥቼ አገልግሏ ጎን ከተትኳት። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አስመራ እስክንወርድ አልተነቃነቀም። መስተዋቱ ደህና ገብቷል። አለቃዬ ‘ማነው እንዲህ ያሰረልህ?’ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ነገ እጠልቃለሁ።»

እትዬ እንቁ አለቀሱ። ኦቦ ቱፋ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። «ድንጋይዋስ? ጣላት?»

ደብዳቤውን ገልብጬ አየሁ። ስለሷ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ቱፋ የገባውን የወጣውን መጠየቅ ተዉ። ገበያ ላይ ሲያገኙኝም «አየሽው ወይ?» አይሉኝም። ያ ጥያቄ ሲቀር እንደሚናፍቀኝ አላወቅኩም ነበር። መስተዋቱን እጃቸው ላይ አድርገው ሳያዩበት የሰደዱት እኚህ ሰው፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ዕቃ በጊንጪ እንደማያልፍ ሳያውቁ አልቀሩም። እኔ አዝን ነበር፤ ለራሴም ቢሆን ይህን አልደብቅም።

ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። በድሉ ለእረፍት መጣ፤ በዚህ ጊዜ ዕቃ አድርስ ያለው የለም። በእጁ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ይዟል። ግቢ እንደገባ እናቱን ስሞ ሳይጨርስ «ኦቦ ቱፋን ጥሩልኝ» አለ።

መጡ። በድሉ ሻንጣዋን ፊታቸው አስቀመጠላቸው። «የተቀበለው ሰው ነው የሚፈታው ብለዋል አሉ። ይፍቱት እንግዲህ» አላቸው።

ማሰሪያውን ነክተው ፈገግ አሉ፤ የራሳቸው አስተሳሰር ነበር። ከፈቱት። በአንድ ወገን የእትዬ እንቁ አገልግል አለች። ክዳኗን ሲያነሡ ጎማው ትንሽ ያረጀ፣ መስተዋቱ ግን ንጹሕ የሆነ የጠላቂ መስተዋት ወጣ። አንድ ጓደኛው ሥራ ሲለቅ ከእሱ የገዛው መሆኑን በድሉ ነገራቸው። «የማንም ዕቃ አይደለም፤ የእርስዎ ነው» አላቸው።

በሌላው ወገን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ጨርቁን ሳይፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእጃቸው አነሡት። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«የደንዲዋ ናት» አሉ።

ቅዳሜ አራታችን እዚያው ቦታ ነበርን። ኦቦ ቱፋ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። በድሉ መስተዋቱን አጠለቀላቸው፤ ማሰሪያውን አጠበቀ። ሊጎነበሱ ሲሉ ቀና አሉና «በድሉ፣ ድንጋይዋን ወደ ጥልቁ ጣልልኝ። ስትወርድ ልያት» አሉ። ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። በድሉ ድንጋይዋን ወረወራት።

ብዙ ጠበቅን። እትዬ እንቁ «ታፈነ!» ብለው መጮኽ ሲጀምሩ ኦቦ ቱፋ ብቅ አሉ፤ ትንፋሻቸውን ስበው ተመልሰው ገቡ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በአራተኛው ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል።

«ደረሰች» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርት፣ እውነትሽን ነበር። ጭቃ ነው።» መስተዋቱን አውልቀው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ግን አንቺ አላየሽውም። ነይ።»

ጫማዬን አወለቅኩ።